ሎክ ካትሪንን በኮርሳ ሳይክል መዞር፦ ያለ መኪና፣ በአንድ ቀን ይቻላል?

ይህ በአንድ የብስክሌት የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጻፈ የጥያቄና የመልስ ክር ነው፤ መላሾቹን በመልሳቸው ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ክሩን የከፈተው ለንደን የሚኖር ሰው ነው። አራት ሆነው በነሐሴ ወደ ስኮትላንድ ይወጣሉ፤ መኪና የላቸውም፤ ግላስጎው አድረው ሎክ ካትሪን (ሎክ በስኮትላንድ ሐይቅ ማለት ነው) የሚገኝበትን ትሮሳክስ የሚባለውን የሐይቅና የኮረብታ አገር በአንድ ቀን በኮርሳ መዞር ይፈልጋሉ። 7 ቁጥሩ ብሔራዊ የብስክሌት መንገድ ከግላስጎው ተነስቶ በባሎክ፣ በድራይመን፣ በአበርፎይልና በካላንደር አልፎ ወደ ሰሜን እንደሚዘልቅ ካርታ ላይ አይተዋል፤ እሱን ይዘን ብንሄድስ ነው ሐሳባቸው። ጎማቸው 25 ሚሊ ሜትር ነው፣ ማርሹ ከፊት 50/34 ጥርስ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 28 ጥርስ (11-28)። ከአራቱ ዳገት የለመደው አንድ ብቻ ነው። ይህ ይበቃናል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀምሮ ዕቅዱን ከሥሩ ነቀለው። ካርታ ላይ አረንጓዴ የተቀባ ሁሉ የኮርሳ መንገድ አይደለም፤ 7 ቁጥር የተዘረጋው ቤተሰብ ከመኪና ርቆ እንዲጓዝ ነው እንጂ ጎማ እንዲፈጥን አይደለም ይላል። ከዚያ በክፍል በክፍል አስቀመጠው። ከባሎክ እስከ ድራይመን ባብዛኛው ጸጥ ያለ የገጠር አስፋልት ነው። ከድራይመን ወደ አበርፎይል በጫካው ዳር የሚያልፈው አሮጌ መንገድ አስፋልቱ እየተሰባበረ ይሄዳል። ከአበርፎይል ወደ ካላንደር በሎክ ድራንኪ በኩል የሚያቋርጠው የጫካ ፒስታ ነው፤ ጠጠሩ ሹል ነው። ከካላንደር በስተሰሜን ደግሞ መንገዱ በሎክ ሉብናይግ ዳር ባለው የድሮ ባቡር ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ በ25 ሚሊ ጎማ ማለፍ አይከለከልም፣ ግን ቀኑ ከመነዳሪ በመቀየር ያልቃል።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ ኤ82 በሚባለው አውራ ጎዳና ቀጥ ብላችሁ በሎክ ሎሞንድ ምዕራብ ዳር ውጡ፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው።

ቁጥር 3 በዚህ ተቆጣ። የአስፋልቱ ጥራት አይደለም ጉዳዩ። ከታርቤት በስተሰሜን እስከ ኢንቬራርናን ያለው የኤ82 ክፍል ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ ወገን የድንጋይ ግድግዳ፣ በሌላው ሐይቁ፣ መሃል ላይ ደግሞ የጭነት መኪናና የቱሪስት አውቶቡስ። ብስክሌተኛ የሚሸሽበት ትከሻ የለውም። ዳገት ያልለመዱ ሦስት ሰዎችን እዚያ መላክ ምክር አይባልም አለ። ከታርቤት በስተደቡብ እስከ ባሎክ ከሆነ ግን ከኤ82 ጎን ለጎን የሚሄድ የብስክሌት መንገድ አለ፤ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የድሮውን የመኪና መንገድ ቁርጥራጮች እየተጠቀመ ስለሚሄድ ኮርሳ ያስኬዳል። ቁጥር 2 ተመልሶ አልጻፈም።

ክሩ ቁም ነገር ውስጥ የገባው በቁጥር 4 ነው። ጸሐፊዋ አካባቢውን አብጠርጥራ የምታውቅ ትመስላለች። አብዛኛው ኮርሳ ነጂ የሚያውቀውን ዙር አበርፎይል ላይ ጀምራ አበርፎይል ላይ ጨረሰችው። ከመንደሩ በኤ821 ወደ ሰሜን ወጥቶ ዱክስ ፓስ የሚባለው ዳገት፤ አናቱ 240 ሜትር ግድም ነው፤ ከመንደሩ ሲነሱ ከ200 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ አይደለም፤ ከመንደሩ እንደወጡ ይቆማል፣ ይላላል፣ እንደገና ይቆማል። በዚያ በኩል ወርዶ ሎክ አክሬይ ጋ ሲደረስ ወደ ግራ ታጥፎ የትሮሳክስ ወደብ። ከወደቡ በሎክ ካትሪን ሰሜናዊ ዳር፣ ለሕዝብ መኪና ዝግ በሆነ አስፋልት፣ ወደ 21 ኪሎ ሜትር እስከ ስትሮናክላካር። ከዚያ ቢ829 በሚባለው ጠባብ መንገድ በሎክ ኮንና በሎክ አርድ ዳር ወደ አበርፎይል 18 ኪሎ ሜትር ግድም። ድምሩ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ቁጥሩ ማንንም እንዳያታልል ስትል ጨመረች፦ የሐይቁ ዳር መንገድ ካርታ ላይ ሜዳ ይመስላል፣ ግን ከውሃው ጋር እኩል አይሄድም፤ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ዳገቶች እየደጋገሙ ይመጣሉ። እግር የሚጨርሰው ዱክስ ፓስ ሳይሆን እነዚህ ናቸው።

ቁጥር 5 ሰሜናዊው መንገድ የውሃ ድርጅቱ የግል መንገድ ስለሆነ ፈቃድ ሳይያዝ አይገባም ብሎ አስጠነቀቀ። ቁጥር 6 በጨዋነት አረመው። መንገዱ በርግጥ የስኮትላንድ ውሃ ድርጅት ነው፤ ሐይቁ ከ1859 ጀምሮ ለግላስጎው ውሃ ይሰጣል፤ የዚያን ዓመት ሥራውን መርቃ የከፈተችው ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። ነገር ግን በ2003 የወጣው የስኮትላንድ የመሬት ማሻሻያ ሕግ ሞተር የሌለው መንገደኛ በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በአብዛኛው መሬትና መንገድ እንዲያልፍ መብት ሰጥቶታል። እዚያ የሚከለከለው መኪና ነው። ታዲያ የድርጅቱ መኪኖችና የነዋሪዎቹ መኪና ይመጣሉና ባዶ መንገድ ነው ብሎ መሃሉን ይዞ መታጠፍ አይገባም። የእንግሊዝን ሕግ እዚህ ያመጣው ቁጥር 5 ብቻ አይደለም፤ ከለንደን የሚመጣ ሁሉ ይህን ይሳሳታል ሲል አለዘበለት።

ቁጥር 7 ስለ አቅጣጫ ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነው። በዚያ አገር ነፋስ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። የቁጥር 4 ዙር መጀመሪያ ዱክስ ፓስን ያስወጣል፤ ከዚያ ሰሜናዊውን ዳር ወደ ምዕራብ ሲነዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታል፤ መሸሸጊያ የሌለው ረጅሙ ክፍል ደግሞ እሱ ነው። ዙሩ ቢገለበጥ፣ ማለትም በቢ829 ሄደው ከስትሮናክላካር ወደ ትሮሳክስ ወደብ ቢነዱ፣ ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋል። ዱክስ ፓስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ከሰሜን በኩል ግን ሎክ አክሬይ ራሱ ከአበርፎይል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ የሚወጣው ከፍታ ያንሳል። የዚህኛው አቅጣጫ ጉዳት መውረዱ ላይ ነው፤ ወደ አበርፎይል ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፣ እንጨት የጫኑ መኪኖች ጭቃና ቅርፊት ይጥሉበታል፣ በደከመ እጅ ፍሬን እየያዙ ነው የሚወረደው። ዝናብ ካለ ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ባለው ላይ ፍጥነት ቀንሶ መጨረስ ነው፤ መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ አይደለም። ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለው ደግሞ መጀመሪያ ቀለል አድርጎ ነካ ነካ በማድረግ ውሃውን መጥረግ አለበት፤ እርጥብ ቸርኬ ወዲያው አይይዝም።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጥር 8 ከአዲስ አበባ የገባው። ሰው እንጦጦን ከ3000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ እናንተ ስለ 240 ሜትር ኮረብታ ትጨቃጨቃላችሁ ብሎ አሾፈ። በርካታ ሰው ሳቀለት። ቁጥር 9 አልሳቀም። የአናቱ ከፍታ ለእግር ምንም አይነግረውም፤ እግር የሚያውቀው ከየት ተነስቶ በስንት በመቶ እንደወጣ ነው አለ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሳንባ ይቸገራል፣ ያ እውነት ነው፤ ዝቅ ወዳለ አገር የሚመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ትንፋሽ ይተርፈዋል። ግን ያው አየር እዚህ ወፍራም ነው፤ በእኩል ፍጥነት የሚመጣ ነፋስ ከአዲስ አበባው የበለጠ ይገፋል። እንጦጦ ላይ የሚጨንቀው ትንፋሽ ነው፣ ሎክ ካትሪን ላይ ነፋስ፣ እርጥበትና ብርድ። መሳለቁን ትቶ ዝናብ ልብስ ይዞ ይምጣ ብሎ ዘጋው፤ ትንሽ ጠንከር ብሏል።

ስለ ማርሹ የመለሰው ቁጥር 10 ነው፤ ሒሳቡን ሠርቶ ነው የመጣው። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ጥርስ ተይዞ ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር ፍጥነቱ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰውና ሳይክል ተደምሮ 85 ኪሎ ቢመዝን፣ 12 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት ለመያዝ 255 ዋት ያህል ይጠይቃል። ከኋላ 34 ጥርስ ቢገባ ያው 60 ዙር በሰዓት 7.6 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ የሚፈለገው ወደ 210 ዋት ይወርዳል። ሠልጥኖ ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ መንዳትና ወርዶ መግፋት ነው። ስለዚህ 11-28 ይበቃል ወይ ለሚለው፦ ለለመደው አንዱ ይበቃል፣ ለሦስቱ አይበቃም።

እዚህ ላይ ቁጥር 11 ገብቶ ባያስቆም ኖሮ አራቱም ሰዎች ባለ 34 ጥርስ ካሴት (የኋላውን የጥርስ ስብስብ) አዘው ነበር። አጭር ክንድ ያለው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ትልቁን ካሴት አይችልም። ለምሳሌ ሺማኖ 105 አር7000 ከሚባለው ቀያሪ አጭሩ እስከ 30 ጥርስ ነው የሚቀበለው፤ ረጅሙ እስከ 34። መጀመሪያ ከቀያሪው ጀርባ የተጻፈውን ማየት፦ ኤስኤስ አጭር፣ ጂኤስ ረጅም ነው። ሁለተኛ ካቴናው። ካሴቱ ትልቅ ሲሆን የድሮው ካቴና ያጥራል፤ ሰው በስሕተት ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን ሲያስገባ ካቴናው ተወጥሮ ቀያሪውን ወደ ፊት ይጎትተውና የተሰቀለበትን የአሉሚኒየም ጆሮ ይሰብራል፤ አንዳንዴ ቀያሪው ራጅ ውስጥ ገብቶ ጎማውንም ይዞ ይጠፋል። ካሴት ሲቀየር ካቴናውን ትልቅ በትልቅ ላይ ጠምጥሞ መለካት፣ ከዚያ የቀያሪው የላይኛው ትንሽ ጎማ ከካሴቱ ጋር እንዳይፋተግ በጀርባ ያለችውን ቡሎን ማስተካከል። ይህ ሁሉ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ሳይሆን ሁለት ሳምንት ቀድሞ ተሠርቶ ሠፈር ውስጥ መነዳት አለበት። ቀያሪው አጭር ከሆነ 11-30 ገዝቶ ትንሽ መግፋት ይሻላል።

ቁጥር 12 አንድ ነገር አስታወሰ፤ እስካሁን የተጻፈው ሁሉ መኪና ላለው ሰው ነው። አበርፎይል ባቡር የላትም፤ ካላንደርም ከ1965 ወዲህ የላትም፤ የመስመሩ ፍጻሜ የሆነው ግሌን ኦግል ላይ የወረደ ናዳ ሐዲዱን ሲዘጋው ነው፣ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ባለ መኪና ያልሆነ ሰው በባቡርና በጀልባ ነው የሚገባው። ከግላስጎው ኩዊን ስትሪት በምዕራብ ሃይላንድ መስመር ወደ አሮካርና ታርቤት ጣቢያ። ከጣቢያው ወደ ታርቤት ወደብ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ በበጋ በሚሠራው ጀልባ ሎክ ሎሞንድን ተሻግሮ ኢንቨርስኔይድ። ኢንቨርስኔይድ ከምዕራብ በኩል የመኪና መንገድ የላትም፤ ሐይቁን የተሻገረ ሰው ወደ ምሥራቅ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እሱ ደግሞ የሚፈለገው አቅጣጫ ነው። ከጀልባ እንደወረዱ ሰውነት ሳይሞቅ ዳገት ይጀምራል፤ ሎክ አርክሌት ድረስ ከ100 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሜዳ ነው። ስትሮናክላካር፣ ሰሜናዊው ዳር፣ ዱክስ ፓስ ከሰሜን፣ አበርፎይል፣ ድራይመን፣ ባሎክ፤ ከባሎክ በግማሽ ሰዓት ልዩነት የሚሄድ ባቡር ወደ ግላስጎው። ድምሩ 70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቁጥር 7 ያለው ነፋስም በሰሜናዊው ዳር ላይ ከኋላ ነው።

በዚህ መልስ ሥር ምስጋና በረከተ። ቁጥር 13 ግን አንድ ዝርዝር ጨመረ፦ በምዕራብ ሃይላንድ መስመር ላይ የሳይክል ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ተራው ባቡር ጥቂት ሳይክል ነው የሚችለው። ከ2021 ጀምሮ በዚያው መስመር ወደ ኦባን ከተማ በሚሄዱ አንዳንድ ባቡሮች ላይ 20 ሳይክል የሚይዝ ልዩ ፉርጎ ይቀጠላል፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። አራት ሰው ሲሆን ሁለቱ ቦታ አግኝተው ሁለቱ ጣቢያ ይቀራሉ፤ ትኬቱ ሲቆረጥ አራቱም በአንድ ላይ ይያዝ። ለጀልባውም እንዲሁ ስለ ሳይክሉ ቀድሞ መጠየቅ ነው፤ የባቡሩ መዘግየት ታስቦ የመጀመሪያውን ሳይሆን ሁለተኛውን ጀልባ መያዝ ይሻላል። የባሎኩ ባቡር ቦታ ማስያዝ አይጠይቅም።

ቁጥር 14 አራት ሰዓት ላይ ወደቡ ጋ ብትደርሱ ይበቃል ሲል ጻፈ፤ ክር ከፋቹ ከሰዓት በኋላ መሰለውና ታዲያ በጨለማ ልንነዳ ነው ወይ ብሎ ደነገጠ። የመድረኩ አስተባባሪ ገብቶ ሁሉም ሰው ሰዓት ሲጽፍ በጊዜ ሰሌዳው ላይ እንዳለው በፈረንጅ 10:00 ብሎ ይጻፍ አለ። ደግሞ ለጨለማው አትጨነቁ፣ በነሐሴ አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትገባው 20:30 ካለፈ በኋላ ነው ብሎ ጨመረ። በዲሴምበር ቢሆን ኖሮ 16:00 ሳይሞላ ይጨልማል፣ ዱክስ ፓስም በረዶ ይይዛል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ምግብ ዞረ። ቁጥር 15 የዘመኑ ነገር ገባት፦ በነሐሴ ከሄዱ ፍልሰታ ነው፤ ኦገስት 7 ጀምሮ እስከ 21። ጿሚ ካላቸው በስትሮናክላካርና በትሮሳክስ ወደብ ያሉት ካፌዎች ሾርባ ውስጥ ቅቤ ይኖራልና ቪጋን ብሎ መጠየቅ ነው፤ አትክልት ብቻ ማለት አይበቃም። ቁጥር 16 በሶ ጨብጦ በኪስ መያዝን መከረ፦ በስኳር ወይም በማር ተለውሶ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ። ማሩን ጿሚ አይተወውም ወይ የሚል ክርክር ለጥቂት መስመር ተነሣና ቁጥር 17 ሁሉንም ወደ ሒሳቡ መለሳቸው። እየነዳ ያለ ሰው በሰዓት ከ50 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። በሶ ጥሩ ነው፣ ግን ደረቅ ስለሆነ በየጉርሻው ውሃ ይፈልጋል፤ በብርድ ደግሞ ሰው መጠጣት ይረሳል፤ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ይቀመጣል። ቀጠን ተደርጎ በጠርሙስ ቢበጠበጥ ይሻላል። ቆሎ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በሚተነፍስ አፍ ቆሎ ማኘክ ትን ያስብላል፣ ኦቾሎኒው ደግሞ ቅባት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው። ከስትሮናክላካር እስከ ትሮሳክስ ወደብ ባለው 21 ኪሎ ሜትር ሱቅ የለም፤ ሁለቱም ጠርሙስ ሞልቶ ነው የሚገባው።

ቁጥር 18 እና 19 ርዕሱን ለቀቁ። አንዱ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ክሮው ሮድን አነሳ፤ ከሌኖክስታውን በቢ822 ካምፕሲ ኮረብታዎችን ተሻግሮ ፊንትሪ፣ በኪለርንና በስትራትብሌን ዞሮ መመለስ፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። በ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና ከኤድንብራ ወደ ግላስጎው የተነዳው የወንዶች ውድድር እዚያ አልፏል፤ ማቲው ቫን ደር ፑል ያሸነፈበት ነው። ተቃዋሚዎች መንገዱን ዘግተውት አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ የቆመውም ያ ውድድር ነው። ከባሎክ የተነሣውን የሴቶቹን ሎተ ኮፔኪ ወሰደችው። ሌላው ይህን ተከትሎ በ2009 ፒትሎክሪ ላይ በተካሄደው የኤታፕ ካሌዶኒያ ጉዞ መንገዱ ላይ ሚስማር ተበትኖ የብዙ መቶ ሰው ጎማ መፈንዳቱን ጻፈና የአገሬው ሰው ብስክሌተኛ አይወድም የሚል መደምደሚያ ሰጠ። ቁጥር 3 ተመልሶ መጣ፤ አሁንም ተቆጥቶ ነው። በአንድ ሰው ጥፋት አንድ አውራጃ አይፈረድበትም፤ ያ የሆነው መንገድ ለውድድር በተዘጋበት ቀን ነው፤ አራት ሰው በሥርዓት ከነዳ ማንም አይነካውም። አስተባባሪው ሁለቱንም አርፉ ብሎ ክሩን ወደ መንገዱ መለሰ።

የመንገዱን ነገር የያዘው ቁጥር 20 ነው፤ እርጋታ ያላቸው ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ይመስለኛል፤ ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉት። በሰሜናዊው ዳርና በጠባቦቹ መንገዶች ላይ ከብት እንዳያልፍ ጉድጓድ ላይ የተዘረጋ የብረት ፍርግርግ አለ። ብረቱ ሲረጥብ ሳሙና ነው። ከመድረሳችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ፍርግርጉ ላይ ግን ፍሬን አትንኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ ፔዳሉን አግድም አቁማችሁ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሡ። በሰያፍ የገባ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል። ጎማው ከላላም ብረቱ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያወጣበታል። ሰባ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ሰው 25 ጎማ ከሆነ 6 ባር ግድም፣ 28 ከገባ 5 ባር ይበቃል፤ ሳይክላችሁ 28 የሚያስገባ ከሆነ እሱን አስገቡ። በጎችና ቀንደ ረጃጅሞቹ ላሞች መንገዱ ላይ ይተኛሉ፤ በላሟና በጥጃዋ መሃል አትግቡ።

የመኪናውንም ነገር እሳቸው ጨረሱት። ቢ829 ላይ እንጨት የጫነ ትልቅ መኪና ይመጣል፤ መንገዱ ጠባብ በሆነበት ሁሉ በየቦታው መተላለፊያ ተብሎ የሰፋ ቦታ አለ። መተላለፊያው በግራችሁ ከሆነ ገብታችሁ ቁሙ፤ በቀኝ ከሆነ በግራችሁ ትይዩው ላይ ቁሙና መኪናው እሱ ጋ ገብቶ ይዞራችሁ፤ ወደ ቀኝ ተሻግራችሁ አትቁሙ። ከኋላ የሚመጣውንም አሳልፉት፤ አምስት መኪና ጎትቶ መሄድ ጀግንነት አይደለም። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጣ ሰው አብሯችሁ ካለ በግራ መንዳትን በተለይ ከካፌ ወጥቶ ሲነሣ አስታውሱት።

ቁጥር 21 ጥቃቅኖቹን ተናካሽ ዝንቦች አነሳ፦ በነሐሴ አሉ፤ ነፋስ በሰዓት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ መብረር አይችሉም፤ እየነዱ ሳለ አይገኙም፣ ጎማ ለመቀየር ሲቆሙ ግን ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ጎማ ከፈነዳ ዛፍ ሥር ሳይሆን ነፋስ ያለበት ገላጣ ቦታ ላይ ነው የሚቀየረው። ሣር ላይ ከተቀመጡ ማታ መዥገር መፈለግ ነው።

ቁጥር 22 ስለ ስልክ፦ ሰሜናዊው ዳር ላይ ኔትወርክ አይታመንም፤ ካርታው ቀድሞ ስልኩ ላይ ይውረድ። ድምፅ በማያልፍበት ጽሑፍ ሊያልፍ ስለሚችል ከጉዞው በፊት በእንግሊዝኛ ሬጅስተር የሚለውን ቃል ወደ 999 በመላክ የአደጋ ጊዜ የጽሑፍ አገልግሎት መመዝገብ ይቻላል። ለአራት ሰው አራት ከመነዳሪ፣ ሁለት ፖምፓ፣ ካቴና መበተኛ ያለው መፍቻ፣ የካቴናው ማያያዣ ቀለበት ደግሞ በማርሹ ቁጥር የሚገጥም፦ ለባለ 11 የባለ 10ሩ አይሆንም።

ከአበርፎይል ወደ ድራይመን በየት ይሻላል የሚለው ላይ ስምምነት የለም፤ አሁንም የለም። ቁጥር 1 አሮጌው መንገድ ይሰበራል ስላለ ቁጥር 23 ኤ81ን መረጠ፤ መኪና አለው፣ ግን በጀርባ መብራት አንድ በአንድ ተሰልፎ ከሄዱ 17 ኪሎ ሜትሩ ፈጥኖ ያልቃል። ቁጥር 4 ይህን አልወደደችም፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ከሥራ ሲመለስ በደከመ እግር ኤ81 ላይ መገኘት አይገባም፤ 28 ጎማ ካላቸው በአሮጌው ቀስ ብለው ይሂዱ ባይ ናት። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ አሮጌው መንገድ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው፣ ባሎክ ላይ ደግሞ ባቡር አያመልጥም።

ክር ከፋቹ በቁጥር 24 ዕቅዱን አወጣ፦ ባቡር፣ ጀልባ፣ ኢንቨርስኔይድ፣ ሰሜናዊው ዳር፣ ዱክስ ፓስ፣ አሮጌው መንገድ፣ ባሎክ። ሦስቱ ሳይክሎች 28 ጎማና 11-30 ካሴት ይገባላቸዋል፤ ቀያሪዎቹን አይቷል፣ ሁሉም አጭሮቹ ናቸው። ቀኑን እሑድ አድርጎት ነበር። ቁጥር 25 በእሑድ የምዕራብ ሃይላንድ ባቡር ቁጥሩ ስለሚቀንስ ከጀልባው ጋር እንደማይገጥም ነግሮት ወደ ቅዳሜ አዞረው።

የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር 26 ነው፦ ባለቤቷ በኤሌክትሪክ ሳይክል አብሯቸው ቢሄድ የቁጥር 6 ሕግ ይሸፍነዋል ወይ? ቁጥር 27 መለሰላት። ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ፣ ሞተሩ እስከ 250 ዋት የሆነና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ከሆነ በሕግ ብስክሌት ነው፣ ይገባል። ግን በዚህ ዳገት 400 ዋት ሰዓት ባትሪ ከፍተኛው እገዛ ላይ ተደርጎ 70 ኪሎ ሜትር ላይደርስ ይችላል፤ በሐይቁ ዳር ዝቅተኛው ላይ አድርጎ ለዱክስ ፓስ ማስቀረት ነው። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሳይክል ወደ ጀልባው ለማስገባትም ሁለት ሰው ይፈልጋል።